ትራኪ የሚል ብጣሽ ወረቀት

ኢሊን ማቻዶ ባቡር አትጠላም፤ የምትጠላው መዘግየትን ነው። ከምትኖርበት ከሮዝቪል ተራራውን ተሻግሮ የቁማር ከተማዋ ሪኖ ለመድረስ በመኪና ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። በባቡር ግን አራት ሰዓት ተኩል፣ ያውም መንገዱ ከተለቀቀለት። ይህን ለአክስቷ ለፊሎሜና በየወሩ ታስረዳለች፤ አክስቷም በየወሩ ሰምተው እንዳልሰሙ ይሆናሉ።

ፊሎሜና ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ሪኖ ይወርዳሉ፣ ቼሪና ሎሚ የሚሽከረከርበት አንድ የቁማር ማሽን ፊት ሁለት ቀን ይቀመጣሉ፣ ሐሙስ ይመለሳሉ። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖረዋል። ተራራውን በመኪና ተሻግሮ ቁማር ቤት የሚገባ ሰው፣ በእሳቸው አባባል፣ ዕድሉን መንገድ ላይ ጨርሶ ነው የሚደርሰው። በዚያ የካቲት ግን ጉልበታቸው አስቸገራቸውና ብቻቸውን መሄድ ፈሩ። ኢሊን ከምትሠራበት መነጽር ቤት ሦስት ቀን ፈቃድ ወሰደችና በመኪና ላድርስሽ አለቻቸው።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ። የሁለቱንም የባቡር ትኬት ቀድመው ገዝተው ነበር።

ባቡሩ ላይ ፂሙ የሸበተው ትኬት ቆራጭ የሁለቱን ትኬት አየና፣ መውረጃቸው የተጻፈበት ብጣሽ ብጣሽ ወረቀት ከየመቀመጫቸው በላይ ሰካ። እዚያ ባቡር ላይ ሰው የሚታወቀው በስሙ ሳይሆን በዚያ ወረቀት ነው። ቦታ የቀየረ ሰው ወረቀቱን ይዞ ካልሄደ ተኝቶ ጣቢያውን ያልፋል፣ ወይም ያለ ጣቢያው ይቀሰቀሳል።

የምግብ ፉርጎው ደግሞ የራሱ ደንብ አለው፤ ባዶ ወንበር አይፈቀድም። ኦዴል የምትባለው አስተናጋጅ የማይተዋወቁ ሰዎችን እንደ ካርታ በውዛ በአንድ ጠረጴዛ ታስቀምጣለች። ምሳ ላይ ኢሊንና አክስቷ ፊት ለፊት አንድ ቀጭን ሰው አመጣችና አስቀመጠች። ደማቅ ብርቱካንማ ጃኬቱን አጣጥፎ ጭኑ ላይ ይዟል። ግሌን ናካሺማ እባላለሁ አለ። ከሮዝቪል አጠገብ ሉሚስ የሚኖሩት ወላጆቹ የፍራፍሬ እርሻ አላቸው፤ የዕረፍት ቀኑን እነሱ ዘንድ አሳልፎ ወደ ሥራው ወደ ትራኪ መመለሱ ነው። ሥራው ተራራው ላይ የበረዶ መጥረጊያ መኪና መንዳት ነው።

ፊሎሜና መኪና እንደሌለው ጠየቁት።

«አለኝ እንጂ» አለ። «ግን ክረምቱን ሙሉ የማየው ያንኑ መንገድ ነው፣ እማማ። በዕረፍቴ ደግሞ ሄጄ ልየው?»

«እኔ በመኪና ነበር የምመጣው» አለች ኢሊን፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«በረዶ ላይ እንዳያንሸራትትሽ የጎማ ሰንሰለት ይዘሽ?»

«ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አለ።»

«ማሰር ትችያለሽ?»

ኢሊን ሾርባዋን አማሰለች።

«እንግዲያው ባለፈው ሳምንት ከጉድባ ጎትቼ ያወጣሁሽ አንቺ ነሻ!» አለ። አክስቷ ትን እስኪላቸው ሳቁ፤ ኢሊንም ልትቆጣ አስባ ነበር፣ አልሆነላትም።

ከምሳ በኋላ አክስቷ ሊያሸልቡ ወደ ቦታቸው ሄዱ። ሁለቱ ጣሪያው ድረስ መስታወት ወደሆነው የመመልከቻ ፉርጎ ገብተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ግሌን በረዶ የሚናድባቸውን ገደላገደሎች አንድ በአንድ አሳያት፤ እሷም ደንበኞቿ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጠፋብን እያሉ እንዴት እንደሚጨቀጭቋት ነገረችው። ከዚያ ባቡሩ ረጅሙ ዋሻ ውስጥ ገባና ሁሉም ነገር ጨለመ። የእጁ ጀርባ የእጇን ጀርባ ነክቶ እዚያው ቀረ። ኢሊን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከሰው ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ እንዲህ ደስ እንደሚል አታውቅም ነበር። ዋሻው በጣም አጠረባት።

ትራኪ ደረስን ሲባል ግሌን ብድግ አለ። ሻንጣውን አምጥቶ እንደሚመለስ ነገራት። ኢሊን ጠበቀችው። ባቡሩ ቆመ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ፣ እሱ አልመጣም። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ በመስታወቱ አየችው፤ ውጭ ቆሞ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ደውዪልኝ ይላታል። በየት ቁጥር? ስልክ ቁጥር የሰጣት የለም። ሲቀልድብኝ ነው አለችና ፊቷ ጋለ።

ወደ መቀመጫዋ ስትመለስ ትኬት ቆራጩ እዚያ ቆሟል። ከቦታዋ በላይ የተሰካውን ወረቀት ነቅሎ ይዞ፣ «ትራኪ ካለፈ በኋላ የትራኪ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?» አለ። ኢሊን የሪኖ ትኬቷን አሳየችው። ሰው ወረቀቱን እያቀያየረ ሥራ እንደሚያበዛበት አጉረምርሞ ብጣሹን ጨመደደና ኪሱ ከተተው። አክስቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ግሌን የሆነ ነገር ብሎ እንደሆነ በኋላ ስትጠይቃቸው «ምን ይላል፤ ሻንጣውን ይዞ ወረደ» አሏት።

ሪኖ ሁለቱን ቀን በረዶ ጣለ። መንገዱ ተዘጋ፤ በመኪና የመጡት የሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ተኮልኩለው ስልካቸው ላይ አፍጥጠዋል። ኢሊን ከአክስቷ ጎን ተቀምጣ ቼሪው ሲሽከረከር እያየች በዚህ በረዶ ላይ ማን እንዳለ ታስብ ነበር። እያሰበችም ትናደድ ነበር። አክስቷ በዚያ ጉዞ ምንም ጨዋታ አልሆነላቸውም፤ ሁለት ጊዜ ማሽኑን ትተው ሊነግሯት ዞር አሉ፣ ሁለት ጊዜ ተመልሰው ቁልፉን ተጫኑ።

ሐሙስ ጠዋት የመንገዱ መዘጋት ሳይገደው ባቡሩ ሄደ። ቁርስ ላይ ያቺው ኦዴል ተቀበለቻቸው።

«ሦስተኛችሁን የት ጣላችሁት?» አለች ቡና እየቀዳች። «እኔ እኮ ሰው አስቀምጬ ተሳስቼ አላውቅም።»

አክስቷ ሹካቸውን አስቀመጡ። ኦዴል ዘወር እስክትል ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ። ግሌን ማክሰኞ ዕለት ኢሊን ወደ ቦታዋ የተመለሰች መስሎት እዚያ መጥቶ ነበር። ባቡሩ ሊሄድበት ሲል የራሱን ወረቀት አውጥቶ፣ ጀርባው ላይ ስልክ ቁጥሩን ጽፎ፣ የእሷን ነቅሎ ያንን ሰካላት። ይንገሩልኝ ብሎም ለመናቸው። መቼ እንደሚመለሱ ጠይቋቸው ሐሙስ ብለውታል።

«ትኬት ቆራጩ ሲወስደው እያየሽ ነበር?» አለች ኢሊን።

«እያየሁ ነበር። የተኛሁ መስዬ ነው።»

«ለምን?»

«እናትሽ ከሞተች ጀምሮ ያለሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ተራራ ላይ ያለ ሰው ወደ ተራራው ነው የሚወስድሽ። ጉልበቴም እንዲህ ሆነ። ፈራሁ፣ ልጄ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ኢሊን ተነሥታ ወደ ትኬት ቆራጩ ሄደችና ስለ ወረቀቱ ጠየቀችው። በቀን ሁለት መቶ ወረቀት የሚጥል ሰው የትኛውን ያስታውስ? ከቁርሱ በኋላ ወደ መቀመጫቸው ተመልሰው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ባቡሩ በቀን አንድ ብቻ ነው፤ ትራኪ የወረደ እስከ ነገ ሌላ አያገኝም። ነገ ደግሞ ሥራ አለ። አክስቷን በዚያ ጉልበታቸው ሮዝቪል ላይ የባቡሩን ደረጃ ማን ያወርዳቸዋል? ግሌንስ ቁጥሩን አግኝታ ንቃ የተወችው መስሎት እስካሁን ተስፋ ቆርጦ ይሆናል። ትራኪ መቃረቡ ሲነገር ኢሊን እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ቁጭ አለች። እንባዋ ግን አልታዘዛትም።

ያኔ አክስቷ ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ። እጃቸውን ሰቅለው ከኢሊን በላይ የተሰካውን ሮዝቪል የሚል ወረቀት ነቀሉና በአጠገባቸው ሲያልፍ ለነበረው ትኬት ቆራጭ ዘረጉለት።

«ይህቺ እዚህ ነው የምትወርደው።»

«ትኬቷ እስከ ሮዝቪል ነው፣ እማማ።»

«አውቃለሁ። ይውሰዱት።»

ኢሊን ደረጃውን ማን ያወርድሻል አለቻቸው።

«እሱ ያወርደኛል» አሉ ወደ ትኬት ቆራጩ እየጠቆሙ። «ሃያ ዓመት ትኬት ስቆርጥለት ኖሬ፣ አንድ ቀን እጄን ቢይዝ ምን አለበት። ተነሺ፣ ቦርሳሽን እንዳትረሺ።» ኢሊን አቀፈቻቸው፤ ይቅርታ ለመባባል ጊዜ አልነበረም።

ወርዳ በበረዶው መሀል ቆመች። ሰዎች ተሳፈሩ፣ በሩ ተዘጋ፣ አክስቷ በመስኮቱ እያዩአት አለፉ። ግራ ቀኙን አየች። ማንም የለም። ምን ያለ ሞኝነት ነው የሠራሁት አለች በሆዷ። ከብርዱ ልትጠለል ወደ ጣቢያው በር ስትሄድ፣ ግድግዳው ጥግ አግዳሚ ወንበር ላይ ብርቱካንማ ጃኬት አየች። ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ሲጠርግ ያደረ ሰው፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። የቡና ኩባያው እግሩ ሥር ተደፍቷል።

አጠገቡ ተቀመጠች። ለመቀስቀስ አልቸኮለችም። ራሱ ነቃ።

«ባቡሩ መጣ?» አለ ዓይኑን እያሻሸ።

«መጥቶ ሄደ።»

ማን እንደመለሰለት የገባው ቀና ብሎ ሲያያት ነው። «አልደወልሽም» አላት።

«ቁጥርህን ትኬት ቆራጩ ሰበሰበው።»

ግሌን ግንባሩን መታ። «ሰባት ዓመት በዚህ ባቡር ስሄድ... ወረቀቱን እንደሚሰበስቡት እንዴት ጠፋኝ?» ከዚያ ቦርሳዋን አየ፣ ባዶውን ሐዲድ አየ። «ሌላ ባቡር እስከ ነገ የለም እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች።

ስልኳ ጮኸ። አክስቷ ናቸው፤ ዋሻው ስልኩን ሳይቆርጠው ቶሎ ልንገርሽ አሉ።

«ብቻዬን ነኝ ብለሽ እንዳትጨነቂ። ኦዴል መጥታ ከማላውቃቸው ሦስት ሰዎች ጋር ቀላቅላኛለች። አንዱ ከእኔ የባሰ ቁማርተኛ ነው። አገኘሽው?»

«አገኘሁት።»

«እንግዲያው ሰንሰለት ማሰር ያስተምርሽ» አሉና ስልኩ ተቋረጠ። ኢሊን ስልኳን ኪሷ ከታ ወደ ግሌን ተጠጋች፤ ብርድ ነበር።