የምኩራቡ በር ጠባቂ

ያ ዓለምን ያዳረሰው ትልቁ ጉንፋን በገባበት፣ ትልቁም ጦርነት ገና ባላባራበት መከር፣ ባንድ ሳምንት ከአንዲት ጠባብ መንገድ ብቻ አሥራ አንድ ሬሳ ወጣ፤ ይኼኔ የምኩራቡ አለቃ ሕዝቡን ግቢ ውስጥ ሰብስበው ደንብ አወጡ።

«መስኮት ሁሉ ይከፈት፤ የበረደው ካፖርት ይደርብ። በሰውና በሰው መካከል ሁለት ክንድ ይራቅ። ያሳለው እቤቱ ይጸልይ። የሕጉን መጽሐፍ በአፍ መሳለም ቀርቷል፤ ከሩቅ እጅ ንሡ። አፉን ሳይሸፍን የሚገባ ሰው የለም።»

የአፉን መሸፈኛ ማን ይስፋ? ልብስ ሰፊዋ ናት እንጂ! ከሠርጓ ጀምሮ ያስቀመጠችውን አንሶላ ሳይቀር፣ ከተልባ እግር የተሸመነውን ነጭ በፍታ፣ ቀድዳ ቀድዳ፣ ለሰው ሁሉ አንዳንድ አደረሰች፤ ጣቷ ወንፊት መሰለ። በልቧ ግን አንድ ነገር ይዛለች፦ በር ላይ ቆሞ የሰዉን ግንባር እየዳሰሰ «አንተ ግባ፣ አንቺ ተመለሽ» የሚለው ሹመት የእሷ ነው።

አለቃው ግን ሹመቱን ለማን ሰጡት? ለአዋላጇ፤ ለሰፊዋ ባል ታላቅ እህት!

«እኔስ አባቴ?» አለች ሰፊዋ።

«አንቺማ እጅሽ ይባረክ፤ በሩ ግን ትኩሳት የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል።»

እቤት ስትገባ ደግሞ ባሏ ጨመረባት። «እህቴ ባትኖር አልቀን ነበር!»

«እህትህ፣ እህትህ! በል ሾርባህንም እሷው ትሥራልህ!»

እሱ ያገባት ዕለት እንኳ ሰዉ ሙሽራዋን ትቶ አዋላጇን ነበር የከበበው፤ ግማሹን በገዛ እጇ ያዋለደችው ነዋ።

በእነሱ በአይሁዶቹ ሕግ ሱፍና የተልባ እግር ባንድ ልብስ አይሰፋም፤ በሰንበት ደግሞ መርፌ አይነካም፣ ስፌትም አይፈታም። ሰፊዋ ይኼን እንደ ስሟ ታውቃለች። እናም የአዋላጇን መሸፈኛ ማሰሪያ በሱፍ ክር ሰፍታ፣ ዓርብ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወስዳ ሰጠቻት። «ነገ በር ላይ ታየዋለች፤ ማሰርም ስፌቱን መፍታትም አትችል፤ አፉን ያልሸፈነ አይገባም ተብሏልና አፍራ ትመለሳለች፤ ከዚያ እኔ እቆማለሁ። ከጠየቁኝም ክሩ ተሳስቶብኝ ነው» አለች ለራሷ።

ቅዳሜ ጠዋት አዋላጇ ጨርቁን ልታስር ስትል ጣቷ ክሩን አወቀው። አንዴ ሰፊዋን አየቻት፤ ጨርቁን ኪሷ ከተተች። አርባ ሰው ተሰልፎ ያስላል።

«አፍሽስ?» አሉ አለቃው።

«ቸኩዬ እቤት ረሳሁት አባቴ።»

«አይ የኛ ዝንጉ!» ብለው በሰው ፊት ተቆጧት፤ ሌላ የተረፈ መሸፈኛ ግን አልነበረም፤ ሰልፉንም የሚለይላቸው ሌላ ሰው የለ። የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ግንባር መዳሰስ ጀመረች፤ «ተመለስ» ባለች ቁጥር ጫፉ ይወድቃል። ያን ቀን ሰባት ሰው መለሰች። ሰፊዋማ አዋላጇ አፍራ ስትመለስ ልታይ ነበር እኮ የመጣችው።

በሦስተኛው ቀን አዋላጇ በትኩሳት ወደቀች።

ሹመቱ ለሰፊዋ ደረሰ። ቆመች፤ ግን ግንባር ስትዳስስ ቆብ የምትለካ ነው የምትመስለው። «እትዬ መቼ ነው የሚሻላት?» ይላል የሚገባው ሁሉ፤ ለእሷ እግዜር ይስጥልኝ ያለ አንድም የለ።

ለአዋላጇ ትኩሳቱ ሲበርድላት ሰፊዋ ሄዳ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች። «እትዬ፣ ያ ክር... ተሳስቶብኝ...»

«ተይው። ሠላሳ ዓመት የሰፋሽ ሴት ሱፍ ከበፍታ አይምታታብሽም።»

«ታዲያ ምነው ያን ዕለት ዝም አልሽ?»

«ብናገር ያንቺን ጨርቅ ማን አፉ ላይ ያስራል? የኔም ሱፍ ይኖርበታል ብሎ ሁሉም እያወለቀ ይጥለው ነበር። ባይሆን ውሃ አቀብዪኝ።»

ሰፊዋ ውሃውን አቀብላ ወጥታ ደረጃው ላይ አለቀሰች። መቼም ጸጸት ነው ይባላል፤ ጸጸቱም ነበረበት፤ ግን ዋናው ያው የድሮው ነው፦ በዚህም በለጠችኝ!

አዋላጇ ዳነች፤ ትንፋሿ ግን አጥሮ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ለምጥ ተጠርታ ደረጃ መውጣት አልቻለችም። በሽታው ሲያልፍ የምኩራቡ ጸሐፊ በመዝገብ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «የሁሉን አፍ የሸፈነች ትጉ ሰፊ ነበረች፤ በረኛዪቱ ግን መሸፈኛዋን ረስታ መጥታ ታመመች።» መዝገቡ በየዓመቱ ለሕዝብ ይነበብ ነበር። በየዓመቱም ሰፊዋ «ውሸት ነው» ልትል ከመቀመጫዋ ትነሣለች፤ ሰዉ ለምስጋና የቆመች መስሎት ያጨበጭብላታል፤ እሷም ትቀመጣለች። እንዲህ ስትነሣና ስትቀመጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት፤ ሰፊዋም አዋላጇም ሞቱ፤ መዝገቡን ያረመው ግን የለም።