በአንቀልባ የታዘለ ኮምፒውተር

ሬሳው በግንባሩ ተደፍቶ፣ በጀርባው ኮምፒውተር አዝሎ ነበር።

ዓርብ ማለዳ፣ በአሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ አሌፍ በተባለው ሰፈር ካሉት አሮጌ ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሳንሰር በሌለው፣ ከደረጃው ግርጌ ተገኘ። መርማሪ ታዬ ተጠርቶ ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ በየበሩ ቆሞ ወደ ታች ይመለከት ነበር። ሟቹ ጋዲ ይባላል፤ በቅርቡ ከውትድርና አገልግሎት የተሰናበተ፣ ለእናቱ አንድያ ልጅ የነበረ ጎረምሳ ነው። የተሸከመው ማሽን ከጫማ ካርቶን እምብዛም የማይበልጥ፣ በአናቱ ላይ ጠንካራ እጀታ ያለው የብረት ሳጥን ነው። የታሰረበት ግን ቦርሳ አልነበረም። ጠርዙ በዛጎል ያጌጠ፣ የሕፃን ማዘያ የቆዳ አንቀልባ ነበር።

ቀድሞ የደረሰው ወጣት ፖሊስ ነገሩን በራሱ ፍርድ ዘግቶታል። ልጁ ሐይፋ ላይ ወደሚደረግ የኮምፒውተር ጨዋታ ውድድር ሲጣደፍ ሸክሙ ሚዛኑን አሳተው፤ ወደቀ፤ አበቃ።

«አበቃ የምትለዋን ቃል ለእኔ ተዋት» ሲል በዕብራይስጥ መለሰለትና ታዬ ተንበረከከ።

ታዬ በልጅነቱ ከጎንደር ገጠር የመጣ ሰው ነው። ባልደረቦቹ ሲያሙት፣ ሰው ሲያለቅስ ከማባበል ይልቅ እንባው ከየትኛው ዓይን እንደ ቀደመ ያያል ይሉታል። ሐሜቱ ደርሶት ያውቃል፤ አስተባብሎም አያውቅ። አሁንም የሟቹን ማጅራት አየ። ከፀጉሩ ሥር አንዲት ጠባብ፣ ጥልቅ፣ ባለ ማዕዘን ቁስል ነበረች፤ ደሟ እምብዛም ወደ ውጭ አልፈሰሰም። ቀጥሎ ሳጥኑን አየ። እጀታው ወደ ሟቹ ትከሻ፣ ግርጌው ወደ ወገቡ ሆኖ ታስሯል፤ ከግርጌው ማዕዘኖች አንዱ ተጨፍልቋል። ጠፍሩን ፈትቶ ክዳኑን ሲከፍት፣ ውስጥ ያለው፣ የጨዋታውን ምስል የሚሠራው ወፍራም ግራፊክስ ካርድ ከቦታው ተገንጥሎ በሽቦ ተንጠልጥሏል።

እናቲቱ፣ ወይዘሮ ጸሐይነሽ፣ ያን ጊዜ ከገበያ ተመለሰች። መርዶ የሚያረዳ ሽማግሌ የሚፈለግበት ፋታ አልነበረም፤ ልጇን ራሷ፣ የአትክልት ከረጢት እንዳንጠለጠለች፣ ደረጃው ሥር አገኘችው። እንደ ሌላ ሴት አልጮኸችም። ዓይኗ ከልጇ ወደ አንቀልባው ሄዶ እዚያው ቀረ።

«የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች። «ቦርሳ ልግዛ፣ ገንዘቡ አልበቃኝም ቢለኝ፣ አንተን የቻለ እሱንም ይችላል አልሁት።»

አንቀልባውን እናቷ የሰፋችላት ገና ኮረዳ ሳለች ነበር። ከአዲስ አበባ አውሮፕላን ስትሳፈር ባዶውን ይዛው መጣች፤ ለዓመታት ባዶውን አስቀመጠችው፤ ጋዲ ሲወለድ በአሽዶድ ጎዳና እያዘለችው ሰው ሲስቅባት ግድ አልነበራትም።

«ወንድሜ፣ ሌላ አልጠይቅህም» አለችው ታዬን። «ይህችን ብቻ ንገረኝ። አንቀልባዬ ነው የገደለው?»

ሌላ ሰው ቢሆን፣ አይደለም፣ ብሎ ያልፍ ነበር። ታዬ «ገና አላወቅሁም» አለ።

የጸሐይነሽ አባት፣ የአይሁድ ካህኑ ቄስ ገበየሁ፣ የልጅ ልጃቸው ገላ በስለት እንዳይነካ አጥብቀው ስለ ጠየቁ፣ ሐኪሙ በምስል መርምሮ አጥንቱ ከማጅራቱ እንደ ተሰበረ ጻፈ። ጋዲ ሰንበት ሳይገባ ተቀበረ። ታዬ እጅ ላይ የቀሩት ማሽኑና ሰዎቹ ነበሩ።

ሰባቱን የሐዘን ቀን፣ ሺቫውን፣ በሕንፃው ግቢ በተተከለ ድንኳን ተቀመጡ። ቄስ ገበየሁ የአገር ቤቱን ሥርዓት አንዲት ጋት አልለቀቁም። ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው በአንድ ወገን ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ሬሳውን ከደረጃው አንሥተው የተሸከሙት ሁለት ዘመዶች ከድንኳኑ ጫፍ ገለል ብለዋል፤ ምግባቸው መሬት ላይ ይቀመጥላቸዋል እንጂ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጣቸውም። ወጣቶቹ ይህን እያዩ ፈገግ ይላሉ፤ ደፍሮ የሚናገር ግን የለም።

ታዬ አስቀድሞ የሄደው ሮቫ ሔት፣ ያገለገሉ የኮምፒውተር ዕቃዎችን ወደሚሸጠው ወደ ሽሎሚ ሱቅ ነበር። ሽሎሚ ወፍራም፣ ለፍላፊ፣ እየተናገረ የሰው ክንድ የሚይዝ ሰው ነው። ጋዲ ለወራት ሜትር በኪሱ ይዞ እየተመላለሰ ሱቁን እንዳሰለቸው አወራ።

«ስማኝ አሒ፣ ወንድሜ፣ ትልቅ ኮምፒውተር ርካሽ ነው፤ ኪስ የሚያራቁተው ትንሹ ነው። ፕሮሰሰሩን ያገለገለ ወሰደ፤ እዚያ ቆጠበ። ማቀዝቀዣው ክዳኑን እንዳያነሣበት አጭሩን መረጠ። ኃይል የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ ግን ትንሽ መሆን ነበረበት፤ ትንሹ ደግሞ እጥፍ ነው። ገንዘቡ እዚያ ላይ አለቀ።»

«ግራፊክስ ካርዱስ?»

ሽሎሚ ክንዱን ለቀቀው። የመጀመሪያውን ካርድ የገዛው ጋዲ አልነበረም፤ የአጎቱ ልጅ አሃሮን ነው። ሁለቱ በአንድ ቡድን ሊጫወቱ ተስማምተው፣ አሃሮን በወደብ መጋዘን ተሸክሞ ባገኘው ደመወዝ አዲስና ረጅም ካርድ ገዝቶ አመጣ። ሳጥኑ ግን በአንድ ጣት ስፋት አልቀበልም አለ። ጋዲ ካርዱን ለሽሎሚ ሸጦ ያገለገለ፣ አጭር ግን ወፍራምና ከባድ ወሰደ፤ በተረፈውም ፓወር ሰፕላዩን ከፈለ።

«ከባድ ስለሆነ አስጠነቀቅሁት» አለ ሽሎሚ። «ስታነሣው በስፖንጅ ደግፈው፤ አለበለዚያ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ይገነጠላል አልሁት። ከእናቱ አሮጌ ፍራሽ ቆርጦ በልኩ አዘጋጀ።»

ታዬ ስፖንጆቹን አይቷቸዋል። በጋዲ ክፍል፣ ጠረጴዛ ላይ፣ በሥርዓት ተደርድረው ነበር።

በአሃሮን ምትክ ወደ ቡድኑ የገባችው ኖፊት የምትባል የሮቫ ዩድ ዛይን ልጅ ናት። ያን ማለዳ አውቶቡስ ጣቢያ ብቻዋን ጋዲን ስትጠብቅ እንደ ነበር ተናገረች፤ ምስክር አልነበራትም። ሽሎሚም ሱቁን ብቻውን ሲከፍት ነበር፤ ለእርሱም ምስክር የለውም። ስለ ስፖንጁ ስትጠየቅ ግን እየሳቀች አለቀሰች።

«ያለ ስፖንጅ ከክፍል ወደ ሳሎን እንኳ አይወስደውም ነበር። ልጅህን ስታስተኛ ጥራኝ እያልሁ አሾፍበት ነበር። ወፍራሙ ካርድ ከመጣ ወዲህ ነው ያመጣው አመል።»

«አሃሮንስ ይህን አይቷል?»

«እሱማ ከዚያ ወዲህ ቤቱን ረግጦም አያውቅ። ጋዲ ሁላችን ፊት አዋረደው። ካርድህና አንተ አንድ ናችሁ አለው፤ ረጅም፣ ውድ፣ የትም የማትገቡ። እኔም ሳቅሁ።»

አሃሮን ቁመተ ረጅም፣ ቃሉ ቁጥብ፣ የአያቱን የግዕዝ ጸሎት በቃሉ ያጠና ልጅ ነው። ቄስ ገበየሁ ጥምጥማቸውን የሚያወርሱት ለእርሱ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በሺቫው ከድንኳኑ ውጭ፣ ብስክሌት ከሚታሰርበት ዛፍ ሥር ብቻውን ይቀመጥ ነበር። ሴቶቹ ሐዘን ሰበረው እያሉ፣ በሚጣል ሳህን ምግብ አጠገቡ አኑረውለት ይመለሳሉ።

ታዬ ወንበር ስቦ ከፊቱ ተቀመጠ። ልጁ ያን ማለዳ ቤቱ ተኝቶ እንደ ነበር፣ ሬሳውንም እንዳላየ ተናገረ።

«በቀብሩስ?»

«ከመቃብሩ በር አላለፍሁም። ልቤ አልቻለም። አልቀረብሁትም፣ አልነካሁትም።»

ታዬ ከኪሱ ቁራጭ ስፖንጅ አውጥቶ ዘረጋለት። የአሃሮን እጆች ከጉልበቱ አልተነሡም።

«ወንበሩ ላይ አኑርልኝ» አለ።

ታዬ አኖረለት።

«ምንድን ነው? ዕቃ ማጠቢያ ይመስላል። የአክስቴ ይሆናል።»

ታዬ አመስግኖ ተነሣ። ከግቢው ሲወጣ ቄስ ገበየሁን አግኝቶ፣ ሺቫው ሳያልቅ ቤተሰቡንና ሁለቱን እንግዶች በድንኳኑ እንዲሰበስቡለት ለመነ።

«ሐዘናችንን ጨርሰን ብትመጣ ምን ይጎድልሃል?» አሉት ሽማግሌው።

«ሰባቱ ከሞላ አይሆንልኝም፣ አባ። ሳይሞላ መሆን አለበት።»

በሰባቱ መዳረሻ ተሰበሰቡ። ኖፊትና ሽሎሚ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ወይዘሮ ጸሐይነሽ ወለል ላይ፤ ቄሱ በቦታቸው። አሃሮን ተጠርቶ ሲመጣ ከድንኳኑ ምሰሶ ውጭ ቆመ። ታዬ ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አኖረ፤ እናቲቱ እንዳታየው የሚሸፍን ጨርቅ እንኳ አላለበሰውም።

«ወይዘሮ ጸሐይነሽ፣ የጠየቁኝን እመልሳለሁ» ብሎ ጀመረ። «ይህ ሳጥን በጀርባ ሲታዘል እጀታው ከላይ ነው። የተጨፈለቀው ግን የታችኛው ማዕዘን ነው። ወገብ ላይ ያለ ማዕዘን ማጅራት አይሰብርም። በእጀታው አንጠልጥሎ ለሚወነጭፈው ሰው ግን፣ ቀድሞ የሚያርፈው የታችኛው ማዕዘን ነው። ልጅዎ ለመሸከም እንዲቀለው ትንሹን መረጠ፤ እጀታ ያለውን መረጠ። ለመምታትም እንዲሁ ቀለለ።»

ታዬ የሳጥኑን ክዳን ከፈተ።

«ከሞተ በኋላ በጀርባው ታሰረና ወደ ደረጃው ተገፋ። ያሰረው ሰው ጋዲ አይደለም፤ ጋዲ ያለ ስፖንጅ አያነሣውም ነበር። ስፖንጁ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ ቀርቷል፤ ካርዱም ተገንጥሏል። አደጋ ለማስመሰል የሚደክም ሰው፣ ቢያውቅ ኖሮ ይህን አይረሳም። ሽሎሚ ያውቃል፤ ምክሩ የእርሱ ነው። ኖፊት ታውቃለች፤ ትስቅበት ነበር። የማያውቀው፣ ወፍራሙ ካርድ ከመግባቱ በፊት ከቤቱ የተባረረ ነው። ስፖንጁን ሳሳየው ዕቃ ማጠቢያ ነው ያለኝም እርሱ ነው።»

ሁሉም ዓይን ወደ ምሰሶው ዞረ። ቄስ ገበየሁ በከዘራቸው መሬቱን መቱ።

«ስፖንጅ አላወቀም ብለህ ልጄን ነፍሰ ገዳይ ልታደርገው ነው?»

«አላደርገውም፣ አባ። በዚህ ብቻ ማንንም አልከስም።» ታዬ ወደ ልጁ ዞረ። «አሃሮን፣ ሬሳውን አልነካሁም ብለኸኛል። መቃብሩንም አልቀረብህም። እንግዲያስ ንጹሕ ነህ። ና፣ የአያትህን ጉልበት ሳም።»

አሃሮን ወደ ድንኳኑ ገባ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት። አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። ሽማግሌው፣ ዓይናቸው ደክሟልና፣ ርቀቱን ሳያስተውሉ እጃቸውን ሊባርኩት ዘረጉ። ያን ጊዜ ልጁ እሳት እንደ ቀረበው ሰው ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ለብቻው ይቀመጣል» አለ ታዬ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «ከእጅ አይቀበልም፣ ሰው አይነካም፣ ቄስማ ከቶ አይነካም። ነገ ማታ ታጥቦ ይገባ ነበር፤ የተጣደፍሁትም ስለዚህ ነው። እነዚያ ሁለቱ ስለ ተሸከሙ ተለዩ። ይህ ልጅ ግን ማንን ነክቶ ነው ዛፍ ሥር የሰነበተው?»

የቄስ ገበየሁ የተዘረጋ እጅ በአየር ላይ ቀርቶ ነበር። ቀስ ብለው መለሱት።

«መቼ ነው የነካኸው?» አሉ።

«ይቅር ሊለኝ ይችላል ብዬ ሄድሁ፣ አባ። ሐይፋ ውሰደኝ አልሁት፤ እሺ ይላል ብዬ። ሳጥኑ ሞልቷል አለኝና ጀርባውን ሰጠኝ።»

«አንዱን የልጅ ልጄን ገደልህ፤ እኔን ማርከስ ግን ፈራህ።»

«አዎን» አለ ልጁ።

ሽማግሌው የነጠላቸውን ጫፍ ሰብስበው ከእርሱ አራቁ። ወጣቱ ፖሊስ ሊያስረው ሲቀርብ አሃሮን እጆቹን ሸሸገ።

«ብረቱን መሬት ላይ አኑረው፤ ራሴ አስረዋለሁ። አትንካኝ፣ ትረክሳለህ።»

ፖሊሱ አማርኛ አይሰማም ነበር፤ እጁን ጠምዝዞ አሰረው።

ሰዉ ተበተነ። ጸሐይነሽ ከወለሉ አልተነሣችም። ታዬ አንቀልባውን አጥፎ አመጣና ከፊቷ አኖረው።

«እንግዲህ ይወቁት። አንቀልባዎ አልገደለውም።»

እርሷ በዛጎሎቹ ላይ ጣቷን አንድ ጊዜ አስኬደች። ከዚያ ከዛፉ ሥር የቀረውን የአሃሮንን የሚጣል ሳህን፣ ያልተነካውን ምግብ፣ ረጅም ጊዜ አየች።

«እሱንም አዝዬበታለሁ፤ እናቱ ስትታመም» አለች። «ምነው ዝም ብለኸኝ ቢሆን። እኔው ገድዬው ቢሆን፣ አንድ ልጅ ነበር የምቀብር።»

አንቀልባውን በእግሯ ወደ ታዬ ገፋችው።