አራተኛዋ እርግብ

በ፲፱፻፬ ዓ.ም. በመጋቢት ወር፣ ከጦር የኮበለሉ ሰዎች ቤት ለቤት ይታደኑ በነበረበትና የከተማዪቱ በሮች ያለ ማለፊያ ወረቀት በማይከፈቱበት ጊዜ፣ ፎቶግራፍ አንሺው በራሱ ግቢ ውስጥ ካሜራውን ተክሎ ወደ ቤቱ ጣሪያ የሚመጡትን የገዥውን እርግቦች ይጠብቅ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውን «አይነቃነቁ!» ሲል የኖረ ሰው በስተርጅናው ከማይቆም ፍጥረት ጋር ተፋጠጠ፤ ገዥው በሹመታቸው ቀን የሚሰቀል፣ እርግቦቻቸው ሲበሩ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አዝዘው ምስል የሚቀረጽበት ሃያ መስታወት ልከውለታልና፤ «አልቻልኩም» ማለትም በዚያ ዘመን አንገት የሚያስቀላ ቃል ነበር።

አሥራ ዘጠኙን አበላሸ። አንዱ ላይ ጭረት፣ ሌላው ላይ ባዶ ሰማይ ወጣ፤ በአንዱማ የጅራት ላባ ብቻ ተገኘ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር፤ አሁን ግን የቀረው አንድ መስታወት ብቻ ነበር።

እርግቦቹን እያጨበጨበች የምታስነሳለት ታናሽ እህቱ ነበረች፤ ባሏ ከጦር ከኮበለለ ወዲህ ከሳቅ ጋር የተጣላች ሴት።

«ጋሼ፣ አንተ እኮ ከኋላ ነው የምታሳድዳቸው» አለችው። «ዝንብ ስትመታ የነበረችበትን ነው እንዴ የምትመታው? የምትደርስበትን ጠብቅ እንጂ!»

በሃያኛው ጠበቀ። ካሜራውን ወደ ጣሪያው ጫፍ አነጣጠረ፤ ትንፋሹን ዋጠ፤ እርግቦቹ ብቅ ሳይሉ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነ።

መስታወቱን ሲያጥበው ሦስት እርግቦች ክንፋቸውን ዘርግተው ጥርት ብለው ወጡ። ደስታው አፍታም አልቆየ፤ ከሥራቸው፣ በገዛ ቤቱ የቆጥ መስኮት፣ የሰው ፊት ነበረ። የእህቱ ባል ፊት።

«እንዳትፈራ ብዬ ነው ያልነገርኩህ» አለች እህቱ ግድግዳውን ተደግፋ።

«አሁንስ?» አለ፤ መስታወቱን በጥንቃቄ አስቀመጠ።

ሌላ መስታወት አልነበረም፤ የገዥው እልፍኝ አስከልካይ ደግሞ በማግሥቱ ይመጣል። በመስታወቱ ላይ በቀለም የተሸፈነ ሁሉ ፎቶግራፉ በሚታተምበት ወረቀት ላይ ነጭ ሆኖ ስለሚወጣ፣ ቀጭን ብሩሽ አንሥቶ በተሸሸገው ሰው ፊት ላይ አራተኛ እርግብ ሣለ፤ ክንፏንም ከአሥራ ዘጠኙ ስሕተቶቹ ተምሮት ነበር።

በማግሥቱ እልፍኝ አስከልካዩ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግቶ ብዙ አየ።

«የጌታችን እርግቦች ሁሉም አመድማ ናቸው። ይህቺ ነጯ ከየት መጣች?»

ፎቶግራፍ አንሺው በፍርሃት ብዛት ይህን ዘንግቶት ነበር።

«የዱር ናት፣ ጌታዬ» አለች እህቱ ፈጥና። «ከወንዙ ማዶ እየመጣች ትቀላቀላቸዋለች።»

«ጌታችን ይህን ካዩ ካልያዟት እንቅልፍ የላቸውም። ማን ያጠምዳታል?»

«እኔ አጠምዳታለሁ፤ ቅርጫት የሚሸከምልኝ አንድ ሰው ብቻ ይፍቀዱልኝ።»

እልፍኝ አስከልካዩ ለሁለት ሰው የበር ማለፊያ ጻፈ። ቀና ብሎም ለፎቶግራፍ አንሺው፣ «እርግቧ እስክትመጣ እርስዎ እኛ ዘንድ ይቆያሉ» አለው።

እህቱ ፊቷ አመድ መሰለ። እሱም በዕድሜው እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም፤ ሆኖም አንገቷን አቅፎ ሳማት።

«ሂጂ፣ እህት ዓለም። ወፍ በችኮላ አይያዝም፤ ለመመለስ አትጣደፊ።»

በዚያው ቀን አንዲት ሴትና ፊቱን በትልቅ ቅርጫት የከለለ አንድ ሰው በምሥራቁ በር ወጡ፤ ዘበኞቹም ወረቀቱን አይተው መንገዱን ለቀቁላቸው።

ፎቶግራፉ በሹመቱ ቀን ተሰቀለ፤ ገዥው አልፈው፣ መንግሥትም ተለውጦ፣ ዛሬ በቤተ መዘክር ይገኛል። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ የገዥውን ማዕረግ በሦስት መስመር ይዘረዝራል፤ ጎብኚዎችም ከሦስቱ እርግቦች ይልቅ ነጯን እያዩ፣ ከሁሉ የበለጠ ሕይወት ያላት እሷ ናት ይላሉ። ስለ አንሺው የተጻፈው በእስር ቤቱ መዝገብ ውስጥ ብቻ ነው፤ የሌሎቹ እስረኞች የእስር ዘመን በዓመት ሲጻፍ፣ የእሱ ግን በሁለት ቃል ተጽፏል፦ «እርግቧ እስክትመጣ»።