ባለ ሁለት በሯ መኪና

ይህን ከሰው አፍ አልሰማሁትም። እኔው ራሴ ነበርኩበት። እህቴም ነበረች፤ እሷን ብትጠይቋት ግን አትመልስላችሁም...

ቀኑ እሁድ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

እኔ መካኒክ ነኝ። ሰው ያገለገለ መኪና ሊገዛ ሲል እኔን ይዞ ይሄዳል። ከስር እገባለሁ፣ ሞተሩን አዳምጣለሁ፣ "ግዛ" ወይም "ሽሽ" እላለሁ። ሃያ ዓመት የበላሁበት ሥራ ነው።

የዚያን ቀን ገዢዋ ታናሽ እህቴ ነበረች። ነርስ ናት። ቤት ውስጥ "ጥይት" ነው የምንላት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ቀስ ብሎ መሄድ አታውቅም። ለዓመታት ስትመኛት የኖረችውን ትንሽዬ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ማስታወቂያ ላይ አየቻት። "እንደ አዲስ ናት፤ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደች" ይላል።

"ይቺ እኮ መኪና አይደለችም፣ ወንጭፍ ናት" አልኳት።

"አንተ ብሎኑን እይ። መንዳቱን ለእኔ ተው።"

ሻጩ ሽማግሌ ናቸው። ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ብዙም ሳያናግሩን ግቢው ውስጥ ወዳለው ጋራዥ አስገቡን።

መኪናዋ ታምራለች። ጥቁር ግራጫ፣ ዝቅ ያለች፣ ጭረት የማታውቅ።

"የወንድ ልጄ ናት" አሉ። "እሱ ከሞተ ወዲህ ከቆመች አራት ወሯ።"

ኮፈኑ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነው። እውነታቸውን ነው።

የመስታወቶቹ ነገር ግን ከነከነኝ...

ከውስጥ በኩል እንፋሎት ለብሰዋል። ሰው መስኮት ዘግቶ ለረጅም ሰዓት ሲተነፍስበት እንደሚሆነው።

ውሃ ገብቶባት ይሆናል ብዬ ምንጣፉን ገልጬ ዳሰስኩ።

ደረቅ ነው።

ሞተሩ ንፁህ። ፍሬኑ ንፁህ። አንድም የግጭት ምልክት አጣሁባት። በሙያዬ "ግዢ" ከማለት በቀር የምለው አልነበረኝም።

ሽማግሌው ቁልፉን ለእህቴ ሰጧት። እጃቸውን ግን ቶሎ አላነሱም።

"ልጄ... ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርሱ ዙሩና ተመለሱ። ወደ ግራ እንዳትታጠፉ።"

"መንገዱ ተበላሽቷል እንዴ?" አልኳቸው።

"መንገዱስ ደህና ነው" አሉ።

እህቴ መሪው ላይ ተቀመጠች፣ እኔ አጠገቧ። ገና ነዳጅ ነካ ስታደርጋት መኪናዋ ወንበሩ ላይ ለጠፈችን። እህቴ ልጅ ሆና እንደምትስቀው ሳቀች። ደስታዋን አይቼ እኔም መስታወቱን ረሳሁት።

ዳቦ ቤቱ ጋ ደረስን።

እህቴ ወደ ግራ ታጠፈች።

"ጥይት፣ ወዴት ነው?"

"አንተው አይደለህ ታጠፊ ያልከኝ?"

"እኔ አልተናገርኩም።"

ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም።

"ሁለቴ ነው ያልከኝ" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ሁለተኛው ላይ ተቆጣህ።"



መንገዱ ቁልቁል ነው። ቤቶቹ አለቁ። ታች አንድ ድልድይ ይታያል። የድልድዩ የጎን ብረት በአንድ በኩል ተነቅሏል፤ በምትኩ ገመድ ተወጥሮበታል።

መኪናዋ ፍጥነት ጨመረች።

"ቀስ በይ።"

"እሺ" አለች እህቴ።

አልቀነሰችም።

"እሺ... እሺ... ሰማሁ" አለች። ያኔ ነው የገባኝ። የምትመልሰው ለእኔ አይደለም።

"እግርሽን አንሺ!"

"አንስቻለሁ" ብላ ሹክ አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁለቱም እግሮቿ ተሰብስበው ከወንበሩ ጠርዝ ጋር ተጣብቀዋል።

የነዳጁ ፔዳል ግን... እስከ ወለሉ ተረግጧል።

እዚህ ላይ እንደ መካኒክ ልንገራችሁ። የእንዲህ ያለ መኪና ኮምፒውተር ቢያብድ ሞተሩ ይጮሃል። ፔዳሉ ግን በራሱ ወደ ታች አይወርድም። የሚረግጠው እግር ይፈልጋል።

ማርሹን ነቀልኩ። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ሳብኩት። መኪናዋ ዞረች፣ ተንሸራተተች፣ ጎማው አለቀሰ...

ስንቆም የፊት ጎማችንና ገመዱ መሃል አንድ እርምጃ ነው የቀረው። ከታች የውሃው ድምፅ ይሰማል።

እህቴ ወርዳ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች።

"ምን ነበር የሚልሽ?"

"ድምፁ ያንተ ነው" አለች። "ግን... በሌላ ሴት ስም ነው የሚጠራኝ።"

ተመልሳ እንድትገባ ብለምናት እምቢ አለች። "በእግሬ እመጣለሁ" አለችኝ። ዛሬም ድረስ መሪ አልጨበጠችም።

የሰው ንብረት ነውና መንገድ ላይ ትቼው አልሄድም፤ ብቻዬን ነዳሁ። ሁለቱንም መስኮቶች ከፍቼ፣ አንገቴን ቀጥ አድርጌ፣ ስፖኪዮውን ወደ ጣሪያው አዙሬ። የተናገረኝ የለም። ማጅራቴ ግን እስከ ግቢው በር ድረስ ሞቆኛል። ትንፋሽ እንደሚሞቀው ዓይነት።

ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው እየጠበቁ ነበር።

"ታጠፋችሁ" አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

"ታጠፍን።"

"እህትህስ?"

"ደህና ናት። በእግሯ እየመጣች ነው።"

ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ አወጡ። "እንኳን አብረሃት ሄድክ፣ ልጄ።"

ንዴትም ፍርሃትም ተቀላቅሎብኝ፣ "አባት፣ ይህን እያወቁ ለምንድን ነው የሚሸጧት?" አልኳቸው።

"እንዲሄድልኝ" አሉ።

እስኪገባኝ ቆየ። እስከዚያ ድረስ መኪናዋን "እሷ" ሲሏት ነበር። እንድትሄድልኝ አላሉም...

እንዲሄድልኝ ነው ያሉት።

ከዚያ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ አልፈውኝ ወደ መኪናዋ ሄዱ። በሩን ከፈቱ። የፊተኛውን ወንበር ወደ ፊት አጠፉት፤ ባለ ሁለት በር መኪና ውስጥ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሲወርድ እንደሚደረገው።

ጎንበስ አሉ። እጃቸውን ወደ ውስጥ ዘረጉ።

ጠበቁ።

"ቀስ... ጭንቅላትህን" አሉ በሹክሹክታ።

ቀና ሲሉ ትከሻቸው ወደ አንድ ጎን ዘመመ፣ ከባድ ሰው እንደደገፈ ሰው። እንደዚያው ሆነው፣ አንድ እርምጃ እየተራመዱና እየቆሙ፣ ግቢውን አቋረጡ።

አጠገባቸው ማንም አልነበረም። እጃቸው ላይም ምንም አልነበረም።

ቤቱ ጋ ሲደርሱ ግን በሩን በክርናቸው ነው የገፉት።