ውስጥ ሰው እያለ በር አይዘጋም

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ያላመነ ይተወው፤ አልከራከርም።

ሚያዝያ 1976 ዓ.ም፣ ሆሳዕና ከተማ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

በጤና ትምህርት ተመርቄ መንግሥት ቤት እሠራ ነበር። የቀበሌና የወረዳ ኃላፊዎችን ስለ እሳት አደጋ እንዳሠለጥን ታዘዝኩ። ከሌሞ፣ ከዱራሜና ከሀደሮ ሃያ ሦስት ሰዎች መጡ።

አዳራሹ ቀድሞ ጸሎት ቤት ነበር። ታሽጎ ኋላ የስብሰባ ቦታ ሆነ።

ባለቤቴ ኤሊያስ የሌሞ የእርሻ ኃላፊ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ከዚሁ አዳራሽ፣ ከስብሰባ መሃል፣ "ለአጭር ጥያቄ" ብለው ወሰዱት።

አልተመለሰም። ለቅሶ እንዳልቀመጥም ተከለከልኩ።

ስሙን ግን ከኃላፊዎች መዝገብ ማንም አልሰረዘውም። ለመሰረዝ ምክንያት መጻፍ ያስፈልጋል። ምክንያቱን የሚጽፍ እጅ ጠፋ። ስም ጠሪ ሁሉ እዚያ ሲደርስ ዘሎት ያልፋል።

ታይፒስቷም የሠልጣኞቹን ዝርዝር ከዚያው መዝገብ እንዳለ ገለበጠችው። ሃያ አራት ስም። ዐሥራ ሰባተኛው እሱ።

አይቼው አልነካሁትም።

ጠዋት ሕጉን አስተማርኳቸው።

"ስሙ ተጠርቶ ያልመለሰ ሰው ውስጥ ነው። ውስጥ ሰው እያለ በር አይዘጋም።"

የሀደሮው ሙስጠፋ እጁን አወጣ። "ጓድ አሠልጣኝ፣ እኛ ዘንድ እሳት ሲነሳ መጀመሪያ የሚሮጠው ሊቀመንበሩ ነው። እሱን ተከትለን እንወጣለን!"

ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ እርጥብ ሣር በቆርቆሮ ውስጥ አጭሰን አዳራሹን ሞላነው። ፊሽካ ነፋሁ። እየተጎነበሱ ወጡ። ሁሉም።

በሩ ላይ ቆሜ ወደ ውስጥ ተመለከትኩ...

ጭሱ ሁሉንም ቦታ ሞልቶታል። ከኋለኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ግን አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ጥርት ብሏል።

ጭሱ እየዞረው ያልፋል።

ዓይኔ ነው አልኩ። ሜዳው ላይ ወጥቼ ስም መጥራት ጀመርኩ። ሲጠሩ "አለሁ" ይላሉ። ዐሥራ ስድስት ደረስኩ።

ከዚያ አልዘለልኩትም።

"ኤሊያስ ጠና።"

ሁሉም አንገቱን ደፋ።

ከባዶው አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ...

"አለሁ።"

ሁልጊዜ ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር።

ሙስጠፋ በሹክሹክታ "ሰማችሁ?" አለ። ሁሉም መስማታቸውን ከፊታቸው አወቅሁ።

የአውራጃው ተወካይ ሽብሩ ወረቀት ይዞ መጣ። ከስድስት ዓመት በፊት ኤሊያስን ከስብሰባው ስሙን ጠርቶ ያስወጣው እሱ ነው።

"ፈርሚና እንሂድ።"

ወረቀቱ ላይ "ሃያ አራቱም ሠልጣኞች በሰላም ከአዳራሹ ወጥተዋል" ይላል።

ባሌ በሰላም መውጣቱን በገዛ እጄ እንድመሰክር ነው።

"አልፈርምም።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ሰው ውስጥ አለ።"

"ማን?"

"ዐሥራ ሰባተኛው። ስሙን አንተ አንብበው።"

ዝርዝሩን አየ። ስሙን ሳያነብ ዓይኑን አነሳ።

"ይህ ቤት ይቆለፋል!" ብሎ ቁልፉን አውጥቶ ወደ በሩ ሄደ።

ቀድሜው ደፉ ላይ ቆምኩ። ጀርባዬ ላይ ከውስጥ ብርድ ይመጣል...

"ዞር በይ። የት እንደምትገቢ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። እሱ የገባበት ነዋ።"

"ጓድ አባይነሽ!"

"በር አይዘጋም አልኩ።"

ሙስጠፋ ከሰልፉ ወጥቶ ከጎኔ ቆመ። አሁን አይቀልድም። "ሕጉ እንደዛ ነው፣ ጓድ ሽብሩ። ጠዋት ተምረነዋል።"

ሌሎቹ ተከተሉት። አንድ፣ ሁለት... በሩ በሰው ተሞላ።

ሽብሩ ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰ።

ወረቀቱን ተቀበልኩት። "ሃያ አራቱም" የሚለውን ሰርዤ "ሃያ ሦስት። አንድ ሰው አልወጣም። በሩ ክፍት ነው" ብዬ ጻፍኩና ስሜን ፈረምኩበት።

ጭሱ እስኪጠራ ጠበቅን። ውስጥ ማንም አልነበረም።

ወደ ሜዳው ተመልሰን ተሰለፍን። ስሙን ደግሜ ጠራሁ።

ጉሮሮውን ጠረገ። አሁን ግን ከአዳራሹ አልነበረም...

"አለሁ።"

ከግራ ጎኔ ነው።

ያኔ ዝናቡ መጣ። ድንገት፣ በኃይል። ሜዳው በአንዴ ጠቆረ። ከሰልፉ የሮጠ ግን የለም፤ ሁሉም ወደ እግሬ ያያል።

እኔም አየሁ።

ከግራ እግሬ አጠገብ፣ ሁለት ጫማ የሚያቆም ቦታ፣ አፈሩ ደረቅ ነበር።