የተዘጋው ጥያቄ

አለቃው ማሽን ክፍሉ ውስጥ፣ ከበሩ ሥር በደረቱ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። በሩ ከውጭ ተቆልፏል፣ አየር ማቀዝቀዣው ጠፍቷል፤ ሰውየው ደግሞ አስም ነበረበት። ስልክ እዚያ ውስጥ አይሠራም። ያለው አንድ የጥገና ስክሪን ነው፤ እሱም ከድርጅቱ የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ በቀር ሌላ አይከፍትም። ምስኪን! በገዛ ድርጅቱ ስም የለሽ ጠያቂ ሆኖ «በሩ ተዘጋብኝ፣ እርዱኝ» ብሎ ጻፈ።

ጥያቄውን ማንም እንዳይመልሰው የዘጋችው የእህቱ ልጅ ናት። «ጥረት የጎደለው» የሚለውን ተጫነችና አለፈች። ሥራዋ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰነፍ ጥያቄ ስታጸዳ ትውላለች። አሁን ወንበሩ ላይ ቀርታለች፤ ግድግዳው ሁሉ እየተጠጋ የሚያፍናት ይመስላታል።

«አጎቴን ገደልኩት» አለች።

«ቆይ እስቲ፣ አትቸኩዪ» አለቻት ለምርመራ የተጠራችው ሴት። «ጠያቂው ከተዘጋበት በኋላ ማስተካከል አይችልም?»

«ይችላል። የተስተካከለው የሚሄደው ግን ለምክትሉ ነው።»

ምክትሉ ትከሻውን ሰበቀ። «በቀን ስንት ጉድ ይመጣል! እሷም አላነበበችም፣ እኔም አላነበብኩም። የበሩስ ቁልፍ ያለው ቴክኒሻኑ ጋ አይደል?»

«ኧረ በሕግ አምላክ!» አለ ቴክኒሻኑ። «ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አይደል እንዴ የሚውለው? ማንም ያነሳዋል።»

መርማሪዋ በስክሪኑ ላይ የጥያቄውን መዝገብ አገላብጣ አየችና ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«በሩን ማንም ሊቆልፍ ይችላል። ቴክኒሻኑ ግን ጥያቄ የመዝጋት ሥልጣን የለውም። ሟች አስተካክሎ ጽፏል፤ ‹እኔ ነኝ፣ አለቃችሁ። ማሽን ክፍል ነኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ።› ይሄኛው የተዘጋው ‹ተደጋጋሚ› ተብሎ ነው። ተደጋጋሚ የተባለ እንደገና ይስተካከላል?»

«በጭራሽ» አለች ልጅቷ። «ለመዝጋትም ተመሳሳይ የድሮ ጥያቄ ፈልጎ ማያያዝ ግድ ነው።»

«የተያያዘው ‹የጠበቀ ክዳን እንዴት ይከፈታል?› ከሚል ጋር ነው። ሰነፍ እጅ ቅርቡን ይጫናል እንጂ ፍለጋ አይወጣም። አንተ ምክትሉ ግን አንብበህ ነው አፉን የዘጋኸው። ‹ትንፋሽ አጠረኝ› ሲል አንብቦ በሩን ያልከፈተ፣ የቆለፈው ራሱ ነው።»

«ወንበሬን ለእህቱ ልጅ ሊሰጥ ነበር!» ብሎ ጮኸ ምክትሉ። ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

ልጅቷ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«ነጻ ነሽ፤ ቤትሽ ግቢ» አለቻት መርማሪዋ።

«እኔ መጀመሪያውኑ ባነበው ኖሮስ?»

መርማሪዋ ልትዋሻት አልፈለገችም።

«በሕይወት ይኖር ነበር፣ ልጄ» አለቻት።