ያልተደገመው ብልቃጥ

የአጥንት ምርምር ቤተ ሙከራው ሥርዓት የቆመው በሁለት ሰዎች ነበር፤ «ኮስታራው» በተባሉት የአጥንት ሊቅና «የብልቃጥ እናት» በተባሉት ነርስ። አዲስ ምርመራ ሲጀመር አስቀድሞ የሠራተኛው ደም ይለካ፤ ያልታመነ ውጤትም ሳይደገም አይጣል ብለው የደነገጉት እነርሱ ናቸው። ከእነርሱ በኋላ ኃላፊነቱን የወረሰችው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የገዛ ሰውነቷ መከላከያ ቆሽቷን አጥቅቶባት በኢንሱሊን የምትኖር ሴት ነበረች። ሠራተኞቹ «ቀጮ» ይሏታል። ዛሬ ረፋዱ ላይ በአጥንት መለኪያው ክፍል፣ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ሞታ ተገኘች።

መርማሪው ሻምበል ሲደርሱ የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። ታናሽ እኅቷ ግድግዳውን ታያለች። የሚናገረው የቤተ ሙከራው ወጣት ሐኪም ብቻ ነው።

«ኢንሱሊኑን የወጋቻት እኅቷ ናት። መጠኑን አብዝታባታለች፤ ስኳሯ ወርዶ ሞተች። ላቧን አላዩም?»

«አየሁ፤» አሉ ሻምበሉ። «አንቺስ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?»

«ሁልጊዜም የምወጋት እኔ ነኝ። ‹እጅሽ ቀላል ነው› ትለኝ ነበር።» ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። «የአባታችን ቤትም አሁን ለእኔ ይቀራል። ማሰር ከፈለጋችሁ እሰሩኝ።»

በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ካቴና ይዘው ትእዛዝ ይጠብቃሉ።

ሻምበሉ ወደ ሟቿ ጎንበስ አሉ። በጋውኗ ኪስ ከረሜላዎች ነበሩ፤ አንዱም አልተፈታም። በመዳፏ ውስጥ ግን የጨጓራ ክኒን ባዶ ማሸጊያ ተጨብጧል። ቀና ብለው፣ ከእርሷ ጋር ሲነታረክ የኖረውን የላቦራቶሪ ባለሙያ ጠየቁ፤ ጓንት ስለማያወልቅ «ጓንቴ» ይሉታል።

«ትናንት ተጣላችሁ?»

«የማንጣላበት ቀን ነበረ እንዴ? ደረጃው መሐል ቆማ ስታለከልክ፣ ‹ቀጮ፣ አረጀሽ መሰለኝ› ብላት፣ ‹ዝም በል፣ ጨጓራዬ ነው› አለችኝ።»

ሻምበሉ የሠራተኛው ሁሉ ደም በቅድሚያ እንደሚለካ ሲነገራቸው ማቀዝቀዣውን አስከፈቱ። ከሠራተኞቹ የደም ብልቃጦች መካከል በቀጮ ብልቃጥ ላይ «የተበላሸ» የሚል ቀይ ወረቀት ተለጥፏል።

«ይህ እንደገና ይለካ፤» አሉ።

ከሰዓት በኋላ የአስከሬን መርማሪው ደወለ። ሻምበሉም እኅቲቱን፣ ሐኪሙንና ጓንቴን በዚያው ክፍል ሰበሰቡ።

«ዕድሜዋን ከስኳር ሕመም ጋር የኖረች ሴት ስኳሯ ሲወርድ እጇ የሚሄደው ወደ ከረሜላው ነው። እርሷ ግን ከረሜላውን ትታ የጨጓራ ክኒን ወሰደች። ጨጓራ የመሰላት ሕመም የተሰማት ደረቷ ላይ ነው ማለት ነው። ላብ ልቡን የታመመንም ሰው ያጠምቀዋል። ክንዷ ላይ የተለጠፈው የስኳር መለኪያም ስኳሯ እስከ መጨረሻው እንዳልወረደ ያሳያል። የልቧ ደም ሥር ተዘግቶ ተገኝቷል፤ ገዳይ የለም። ማስጠንቀቂያ ግን ነበረ። ቀይ ወረቀት በተለጠፈበት ብልቃጥ ውስጥ ያለው፣ ከአጥንቷ የሚመነጨው ሆርሞን ሁለተኛ ሲለካም ያው ዝቅተኛ ነው። ዶክተር፣ እዚህ የምታጠኑት ምንድን ነው?»

«የአጥንት ሆርሞን መዛባት፣ በሆድ ውስጥ ከተደበቀ ስብና ከልብ አደጋ ጋር ይያያዝ እንደሆነ። በራሱ ገዳይ አይደለም፤ ልብን መርምሩ የሚል ምልክት ሊሆን ይችላል።»

«ቀዩን ወረቀት ማን ለጠፈው?»

ሐኪሙ ጫማውን አየ። «እኔ። ሸንቃጣ ሴት ናት፤ እንዲህ ያለ ውጤት ከእርሷ አይመጣም ብዬ ብልቃጡ ተበላሽቷል አልኩ። አልደገምኩትም። ለእርሷም አልነገርኳት።»

«አንጀቷንና ልቧን ስብ ከቧቸው ነበር፤» አሉ ሻምበሉ። «ከውጭ አይታይም።»

ፖሊሶቹን በዓይናቸው ጠቀሱ፤ ካቴናው ተመልሶ ወገብ ላይ ተንጠለጠለ። እኅቲቱ አሁንም ግድግዳውን ታያለች። ሐኪሙ ሄዶ ፊቷ ቆመ።

«ተሳስቻለሁ፤» አላት። «በብልቃጡም፣ በአንቺም። እጅሽ አልገደላትም።»